ለልጄ ልቤን ልሰጥ የሄድኩበት መንገድ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ዘጠኝ ቀን ማለዳ ከቤቴ ስወጣ እመለሳለሁ ብዬ አልወጣሁም። ይህን ለባሌም ለልጄም አልነገርኩም። እነሱ የሚያውቁት ልጄን መቅደስን ደብረ ብርሃን ለልብ ሐኪም ላሳያት መሄዴን ብቻ ነበር። እኔ ግን ልቤን ሰጥቻት እዚያው ልቀር ነበር የሄድኩት።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። መቅደስ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ጉሮሮዋን አመማት፤ ቀጥሎ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፤ ከዚያ ሕመሙ ልቧን ነካው። ያን ጊዜ ሐኪሞች ጉሮሮዋ እየታመመ ልቧን ደግሞ እንዳይጎዳው በየጊዜው የምትወጋው መርፌ አዘዙላት። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላስዘልል ጎረቤላ ጤና ጣቢያ እየወሰድኩ አስወግቻታለሁ። ይሁንና በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ይብስባታል። ባለፈው ዓመትማ መስከረም አጋማሽ ላይ ጉሮሮዋን አመማት፤ ወሩ ሳያልቅ እግሯ አበጠ። ጋደም ስትል ስለሚያፍናት በትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ማደር ጀመረች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። "ልቧ ደክሟል፣ ሰፍቷልም። የልብ ሐኪም ይያት" ብለው ወረቀት ጻፉልኝ።

በዚያው ሰሞን ምስር እየለቀምኩ በስልኬ ሬዲዮ ስሰማ፣ አንድ ሐኪም ስለ ልብ ንቅለ ተከላ ያወራል። በውጭ አገር የአንድ ሰው ልብ ወጥቶ ለሌላው ይተከላል አለ። ቀድሞ የሚፈለገው የወጣት ልብ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ዛሬ ግን ዕድሜያቸው ገፋ ካሉ ሰጪዎችም ይወሰዳል አለ። "ተቀባዮቹም ቢሆኑ..." ሲል የስልኬ ባትሪ አለቀና ጠፋ። እኔ ግን የምፈልገውን ሰምቻለሁ። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው። የጎረቤታችን ልጅ ለወንድሙ ኩላሊቱን ሰጥቶ ሁለቱም ድነው ሲመለሱ አይቻለሁ። ኩላሊት ሁለት ነው፤ ሰጪው ይተርፋል። ልብ አንድ ነው። የምትሰጠው እናት እንግዲህ አትተርፍም አልኩ። ማንንም ሳልጠይቅ ወሰንኩ።

ከወሰንኩ በኋላ መሰናዳት ጀመርኩ። ትምህርት ያቆምኩት ከአምስተኛ ክፍል ቢሆንም እጄ ጽሕፈት አልረሳም። በመቅደስ አሮጌ ደብተር ቅጠል ላይ እየጻፍኩ በቤቱ ዕቃ ሁሉ ላይ ለጠፍኩ። "ጨው።" "የምስር ዘር፣ አይበላም።" "የላሟ መድኃኒት፣ ልጆች እንዳይነኩ።" ባሌ ጌታነህ እርሻ እንጂ ማጀት አያውቅም። ትንሹ ልጃችንም ገና ሰባት ዓመቱ ነው፤ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው። ከዚያ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

"አባ፣ ሰው ለልጁ ብሎ ቢሞት ራሱን እንዳጠፋ ይቆጠርበታል?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ምን ልትሠሪ ነው፣ እታፈራሁ?"

"ጥያቄ ነው፣ አባ።"

"የሐኪም ነገር ከሆነ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ። ሐኪሙ የመለሰልሽን ይዘሽ ነይና ከዚያ እኔን ትጠይቂኛለሽ" አሉኝ።

የማልመለስ መስሎኝ ስለነበር ምክራቸው አልጠቀመኝም። አሁን ሳስበው ግን ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነበር።

ከቤት እስከ ጎረቤላ

ቤታችን ከጎረቤላ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ዳገቱ ለጤነኛ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። መቅደስ ግን በዚያ ሰሞን ከምድጃው እስከ በሩ ለመድረስ እንኳ መሀል ላይ ትቆም ነበር። ስለዚህ የጋሽ ሰይድን በቅሎ ለመንኩ። ጋሽ ሰይድ በየገበያው ቀን ከአልዩ አምባ በርበሬና ሽንኩርት ጭነው ጎረቤላ የሚወጡ ነጋዴ ናቸው። ሲወጡም ሲወርዱም ደጃችን ላይ ቆመው ውኃ ይጠጣሉ። ያን ቀን ገበያ ስለነበር የበቅሏቸውን ጭነት ለሁለቱ አህዮቻቸው አከፋፍለው ገና ሳይነጋጋ ደረሱ።

"ነይ መቅደስ፣ ዛሬ ሽንኩርቴ አንቺ ነሽ። መንገድ ላይ እንዳትፈሺብኝ" አሏት።

"ከሽንኩርቱ የኔ ዋጋ አይበልጥም፣ ጋሽ ሰይድ?"

"ዘንድሮ እንጃ! ሽንኩርት ተወዷል።"

መቅደስ ሳቀችና ሳል ያዛት። ጌታነህ አቅፎ በቅሎዋ ላይ አስቀመጣት። እሱ ለከብቶቹና ለትንሹ ልጅ ብሎ መቅረቱ ነው። ፊቱን ረዘም አድርጌ አየሁት።

"ምን ታዪኛለሽ?"

"የኮትህ ቁልፍ ተበጥሷል" አልኩት።

መንገዱ ዳገት ነው። ከበታቻችን ቆላው ገና ጉም ለብሶ ነበር። ከጉሙ በላይ የማሽላው ማሳ፣ ከዚያ ከፍ ሲል የጤፉ፣ ከዚያም ገብሱ እየተከተለ ይመጣል። ከፍ ባልን ቁጥር ብርዱ ይበረታል። ጋሽ ሰይድ ልጓሙን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ የመቅደስን ጀርባ አያለሁ። ትከሻዋ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ሲል በልቤ እቆጥርላታለሁ። ጥድ ያለበት ጥላ ጋ ስንደርስ አረፍን። ቂጣ ቆርሼ ሰጠኋቸው።

"ጋሽ ሰይድ፣ ልጅዎ ቢታመምብዎ ምን ይሰጡታል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አላህ ያለኝን ሁሉ።"

"ልብዎንስ ቢሆን?"

"ልቤንማ የልጆቹ እናት ከወሰደችው ስንት ዘመኗ!" ብለው ቂጣውን ጎረሱ። ኋላ ግን ዘወር ብለው አዩኝ። "ምነው እታፈራሁ? ፊትሽ አላማረኝም።"

"ዳገቱ ነው" አልኩ።

ጎረቤላ ስንደርስ ገበያው መድመቅ ጀምሮ ነበር። ጋሽ ሰይድ መቅደስን ከበቅሎዋ አውርደው ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊተኛው ወንበር አስቀመጡልኝ። ስልክ ቁጥራቸው እኔ ጋ እንዳለ ደጋግመው ጠየቁኝ።

"ስትመለሱ ደውይልኝ። በቅሎዋን ይዤ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ። ኢንሻአላህ፣ ሁለታችሁንም ይዤ እወርዳለሁ።"

"ሁለታችሁንም" አሉ። "ይስጥልኝ" ብዬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ከጎረቤላ እስከ ደብረ ብርሃን

በዚያ ሰሞን መንገዱ አንዳንድ ቀን ስለሚዘጋ ተሳፋሪው ሁሉ "ክፍት ነው?" እያለ ሾፌሩን ይጠይቃል። "ክፍት ነው፣ ግቡ" አለን። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ከጎኔ አንዲት ሴት ሁለት ዶሮ ታቅፋ ተቀመጠች። ዶሮዎቹ በየጠመዝማዛው እየጮኹ ሾፌሩን ያናድዱታል።

"እትዬ፣ ለዶሮዎቹም ክፈይ!" አላት።

"ወንበር ይዘዋል? እቅፌ ላይ እኮ ናቸው!"

"ጩኸታቸው ወንበር ይዟል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። መቅደስም ሳቀች። እኔ አብሬ ለመሳቅ ሞክሬ አቃተኝ።

ከጎረቤላ ወጥቶ ከፍታው ላይ ሲደርስ ምድሩ ሜዳ ይሆናል። ግራና ቀኝ ገብስና ባቄላ ነው። በድንጋይ የተካበ የበግ በረት፣ የሣር ክዳን ቤትና ባሕር ዛፍ በየቦታው ይታያል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ተቀምጠዋል። የአንዱን ትልቅ ወንድ ጎፈር ነፋስ ሲያርገፈግፈው ስታይ መቅደስ መስታወቱን ነካ ነካ አድርጋ፣ "እማ፣ እይው! የጌታነህን ፀጉር ይመስላል" አለች። አባቷን በስሙ የምትጠራው ስትቀልድ ብቻ ነው። ለመቀለድ ትንፋሽ ማግኘቷ ደስ አሰኘኝ። ብርዱ ግን በመስኮቱ ክፍተት እየገባ ያስቸግራል። ጋቢዬን አውልቄ ጉሮሮዋን ጠመጠምኩላት።

ደብረ ብርሃን የደረስነው እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነው። ከመናኸሪያው እስከ ባሌ እህት እስከ አበበች ቤት ባጃጅ ሃምሳ ብር ጠየቀን፤ አልተከራከርኩም። ከተማው ከዓመት ዓመት ይለወጣል። ባለፈው ስመጣ ማሳ የነበረው ዛሬ የፋብሪካ አጥር ሆኗል። ያልተለወጠው ነፋሱ ብቻ ነው።

አበበች ፋብሪካ ትሠራለች። ከፈረቃዋ ወጥታ በር ላይ ጠበቀችን። አዲሱን ቀሚሴን አይታ፦

"አንቺ ሴት፣ ሐኪም ቤት ነው ወይስ ሰርግ ነው የምትሄጂው?" አለችኝ።

"ንጹሕ ሆኖ መቅረብ አይሻልም?"

"ሐኪሙ የሚያየው ልጅቷን፣ አንቺን አይደለም!"

እኔንም ያየኛል አላልኳትም። ከዳቦ መሸጫ ያመጣችውን ትኩስ ዳቦና ሽሮ አቀረበች። መቅደስ ግማሽ ዳቦ በላች። አበበች አልጋዋን ለቅቃላት ትራስ ደራርባ አስደገፈቻት። እኔ መሬት ላይ ጋደም ብዬ የመቅደስን አተነፋፈስ እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሆስፒታል

በማግስቱ ጥቅምት አሥር ነበር። በጠዋት ካርድ አውጥተን ተራችንን ይዘን ተቀመጥን። የልብ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። እኔ የጠበቅኩት ሸበቶ ሰው ስለነበር መጀመሪያ አላመንኳትም። መቅደስን አልጋ ላይ አስተኝታ ደረቷን ቀዝቃዛ ነገር ቀባችና በመሣሪያ ታይ ጀመር። ከአልጋው አጠገብ ባለው መስኮት መሰል ነገር የልጄ ልብ ታየ። በሕይወቴ የሰው ልብ አይቼ አላውቅም። ትንንሽ በሮች አሉት፤ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። አንደኛው በር ግን ሲዘጋ አይገጥምም። ሐኪሟ ታያለች፣ ትጽፋለች።

ስትጨርስ መቅደስን ነርሷ ዘንድ እንድትመዘን ላከቻት። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ጊዜው አሁን ነው አልኩ።

"ዶክተር፣ እኔ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። ንስሐ ገብቻለሁ፣ ቆርቤያለሁ። ልቤን ውሰዱና ስጧት።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?"

"ልቤን። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ታምሜ አላውቅም። የትልቅ ሰውም ይሆናል መባሉን በሬዲዮ ሰምቻለሁ። አባቷ እንዳይሰማ ብቻ አደራ።"

ትስቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቀችም። ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እናቴ፣ የሰሙት እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው" አለችኝ። "ልብ ከሕያው ሰው አይወሰድም። ሰጪው የሞተ ሰው ነው፤ በሕይወት ሳለ ፈቃዱን የተናገረ ወይም ቤተሰቡ የፈቀደለት። አንዲት እናት በእግሯ መጥታ ውሰዱት ብትል የሚወስድላት ሐኪም በዓለም ላይ የለም።"

"ኩላሊት ይሰጣል እኮ!"

"ኩላሊት የሚሰጥ ሰው በሌላኛው ይኖራል። ልብ የሰጠ አይኖርም። እኛ አንዱን ገድለን ሌላውን አናድንም።"

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አወረድኩት። ለካ ሞት ፈርቼ ኖሯል። ለልጄ ስል ደብቄው እንጂ ፈርቼ ኖሯል።

"ታዲያ የትልልቅ ሰዎች ይሆናል ያለው?"

"እሱ እውነት ነው። ድሮ የሚፈልጉት በአደጋ የሞተ የጤናማ ወጣት ልብ ብቻ ነበር። የሚጠብቀው በሽተኛ ብዙ፣ ሰጪው ጥቂት ሲሆንባቸው ዕድሜው የገፋ ሰው ልብም እየመረመሩ መቀበል ጀመሩ። ተቀባዮቹም ተለውጠዋል። ዕድሜህ አልፏል ተብሎ ይመለስ የነበረ ሰው ዛሬ ተራ ይይዛል። ተራው እስኪደርስ ልቡን በሚያግዝ ማሽን የሚቆይም አለ። ግን ይህ ሁሉ በሌላ አገር ነው፤ እኛ ዘንድ ገና ነው።"

ወለሉን አየሁ። እኛ ዘንድ ከሌለ፣ ልጄስ? ሐኪሟ ያሰብኩትን ያወቀች ይመስል ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"ቀና ይበሉና ይስሙኝ። ልጅዎ ልብ መቀየር አያስፈልጋትም። ልቧ ውስጥ አንዱ በር ተጎድቷል፤ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። ለዚህ ነው ውኃ የቋጠረችው። ውኃውን የሚያወጣ መድኃኒት እሰጣታለሁ፤ ይቀልላታል። ምናልባት ወደፊት በሩን ማስጠገን ያስፈልጋት ይሆናል፤ እሱ እዚሁ አገራችን ይሠራል። ዛሬ ግን የሚያስፈልጋት ኪኒኑና መርፌዋ ነው።"

አለቀስኩ። ቀሚሷን ይዤ አለቀስኩ። እሷም ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

ያን ሁሉ ሸክም ካወረድኩ በኋላ ሌላው መጣ። ሐኪሟ የመርፌ ካርዳችንን ዘርግታ ቀኖቹን በጣቷ እየቆጠረች፣ "መርፌዋን ዛሬ ትወጋለች" አለች።

"ዛሬ አይደለም ዶክተር፣ ከነገ ወዲያ ነው" አልኩ። ቀን አጠባበቄን ላሳያት ደስ እያለኝ ነው የተናገርኩት። "ከነገ ወዲያ ሚካኤል ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ከአሥራ ሁለት አሳልፌ አላውቅም።"

"ሁልጊዜ በአሥራ ሁለት ነው?"

"ሁልጊዜ። የሚካኤል ማኅበርተኛ ነኝ፤ አሥራ ሁለትን አልረሳም። መጀመሪያ ላይ ጤና ጣቢያው በየሃያ ስምንት ቀን ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ቀኑ እየተለዋወጠ ግራ ሲያጋባኝ 'ለሁለት ቀን ነው፣ በሚካኤል አድርጉልኝ' ብዬ ለመንኳቸው። እንዳልረሳው ብዬ እኮ ነው።"

ካርዱን ወደ እኔ አዞረችው። "ከነሐሴ አሥራ ሁለት እስከ መስከረም አሥራ ሁለት ስንት ቀን ነው፣ እናቴ?"

"አንድ ወር።"

"ጳጉሜንስ?"

በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ አምስት። በእያንዳንዱ ወር ሁለት ቀን ማለፉ ሳያንስ፣ በየዓመቱ አዲስ ዓመት መግቢያ ላይ ልጄ አንድ ሳምንት ሙሉ ያለ መርፌ ትቆይ ነበር። በየመስከረሙ ለምን እንደሚብስባት ሳስብ የኖርኩት፣ ብርዱ ነው፣ ጭቃው ነው፣ የሰው ዓይን ነው ስል የኖርኩት፣ ለካ ጳጉሜን ነበረች።

"እኔ ነኝ ያሳመምኳት" አልኩ።

"እንደሱ አይበሉ" አለችኝ፤ ድምፅዋ ትንሽ ቆጣ አለ። "ይህ በሽታ ያለባቸውን ብዙ ልጆች አያለሁ። ሦስት ወር፣ አራት ወር የሚያቋርጡት ይበዛሉ። አምስት ዓመት አንድም ያልተዘለለበት ካርድ ካየሁ ቆይቻለሁ። ልቧ እስከዚህ የቆየው በእርስዎ ነው። አሁን አቆጣጠሩን ብቻ እናስተካክል። ወርን ይተዉት፤ ሳምንት ይቁጠሩ። አራት ሳምንት። አንድ ቀን ቢቀድም ግድ የለም። እንዳይዘገይ ብቻ።"

መቅደስ መርፌዋን ያን ዕለት ተወጋች። ውኃ የሚያወጣውንም መድኃኒት ሰጧትና እዚያው አልጋ ይዛ አደረች። ሽንት ቤት በተመላለሰች ቁጥር፣ "እማ፣ ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ ቅጣት?" ትለኛለች። በማግስቱ ጠዋት ቁርጭምጭሚቷ ወጥቶ ታየ። ሐኪሟ ደረቷን አዳምጣ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድንመለስ ነግራ አሰናበተችን።

መልስ

ጥቅምት አሥራ አንድ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ተሳፈርን። ያው መንገድ ነው፤ ያው ገብስ፣ ያው በረት። ስመጣ ግን ያላየሁት ብዙ ነገር አየሁ። ባቄላው አብቦ ኖሯል። የአደይ አበባው እየረገፈ ቢሆንም በየማሳው ዳር ገና ቢጫ ነው።

መቅደስ ትከሻዬ ላይ ራሷን ጣል አደረገች።

"እማ፣ ልብሽን ልትሰጪኝ ነበር?"

"ማን ነገረሽ?"

"ሲስተሯ። ከዶክተሯ ሰምታ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ።"

"ሥራ የላትም እንዴ!"

ቆይታ፣ "እንኳንም አልተቀበሉሽ" አለች። "ያንቺን ልብ ቢሰጡኝ እኔም እንዳንቺ ስጨነቅ ልኖር ነበር። ምድጃው ጠፍቷል? በሩ ተቀርቅሯል? ጥጃው ገብቷል?"

ሳቅ አፈነኝ። በዚያ ጉዞ ከልቤ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እኔም እንደ ሐኪሟ ዝም ብዬ ጠበቅኳት።

ጎረቤላ ስንደርስ ጋሽ ሰይድ በቅሏቸውን ይዘው እንዳሉት ቆመዋል። ሁለታችንን ሲያዩ "አልሐምዱሊላህ!" አሉ። ቁልቁለቱን እየወረድን ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የልቤን ነገር ብቻ ዘለልኩት። በየአራት ሳምንቱ የሚለው ጋ ስደርስ ተጨነቅኩ።

"በሚካኤል ሲሆን አልረሳውም ነበር። አሁን ቀኑ ከወር ወር ይዘዋወራል። ብሳሳትስ?"

"ምኑን ትሳሳቻለሽ? አራት ገበያ ማለት እኮ ነው" አሉኝ። "እኔ በየገበያው በደጃችሁ አልፍ የለ? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለሽ ቁጠሪኝ። በአራተኛው በቅሎዋን ለመቅደስ ይዤ እቆማለሁ። ገበያ ጳጉሜን አያውቅም፤ ሳምንት ነው።"

ሐኪሟ ቢቀድም ግድ የለም ስላለችኝ፣ የሚቀጥለውን አራተኛው ገበያ ላይ ለማድረግ ያኔውኑ ተስማማን።

ቤት ስንደርስ ጌታነህ መቅደስን ከበቅሎዋ አወረዳት። በእግሯ ወደ ቤት ስትገባ በዓይኑ ተከተላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ምን ሆነሽ ነው ቤቱን ሁሉ ጽፈሽበት የሄድሽው?"

"እንዳትቸገሩ ብዬ ነው።"

"ለሦስት ቀን?" ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። ሣጥኔ ውስጥ በነጩ ነጠላዬ ላይ ያስቀመጥኩት ነው፤ "ለአበበች ይሰጥ" ይላል። "ይሄስ?"

ቤት ገብተን ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ተነሥቶ ወጣ፤ ውኃ የጠገበችውን በቅሎ ሌላ ውኃ ያጠጣ ጀመር። ጋሽ ሰይድም ነገሩ ገብቷቸው ይሁን አይሁን እንጃ፣ ልጓሙን ሰጡት። ጌታነህ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ወረቀቶቹን ላነሣ ስል እጄን ያዘኝ።

"ተያቸው። ጨው የት እንደሚቀመጥ ያወቅሁት ትናንት ነው።"

በማግስቱ ሚካኤል ነበር። ነጩን ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ንስሐ አባቴ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ። "እህ፣ ሐኪሙን ጠየቅሽ?" አሉኝ። "ጠየቅሁ፣ አባ። አይሆንም አሉኝ።" "እኔም አይሆንም ነበር የምልሽ" ብለው ባረኩኝ።

ይህን የጻፍኩት እንደ እኔ ሌሊት ከቀን ለሚጨነቁ እናቶች ነው። መጠንቀቅ ብቻ እንደማይበቃ አይቻለሁ። አምስት ዓመት ስጠነቀቅ፣ ያው ጥንቃቄዬ ራሱ በየዓመቱ ልጄን አሳልፎ ሲሰጣት አላወቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ። የሰማሁትን ወሬ ግማሹን ይዤ ልሞት ተነሣሁ፤ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ በሰላም እተኛ ነበር። መርፌ የምታስወጉ ካላችሁ ወር አትቁጠሩ። ሳምንት ቁጠሩ።

ዓመቱን በሙሉ ገበያ ስንቆጥር ቆየን። ነሐሴ አሥራ ሰባት ተወጋች። ከዚያ አራት ገበያ ቆጥረን መስከረም አሥር ላይ ደረስን፤ ጳጉሜን በመካከሉ ማለፏን ያስተዋልኩት ኋላ ነው። የዚያን ቀን ማለዳ ጋሽ ሰይድ በቅሎዋን ባዶዋን ይዘው ደጃችን ላይ ቆሙ።

"ነይ ሽንኩርቴ፣ ውጪ" አሉ።

መቅደስ ወጥታ የበቅሎዋን አንገት ደባበሰች። "ዛሬ ሽንኩርቱ ይጫን፣ ጋሽ ሰይድ። እኔ በእግሬ ነኝ።"

ጋሽ ሰይድ እኔን አዩኝ። ሐኪሟ ቀስ እያለች ትንሽ ትንሽ መራመድ ትችላለች ብላን ነበር። እንደምንም ራሴን ነቀነቅሁ። ሽንኩርቱ ተጫነ። ዳገቱን ጀመርን። ከጥዱ ጥላ ስንደርስ መቅደስ ከፊት ቆማ ዘወር አለች።

"እማ፣ ቶሎ በይ እንጂ!"

ያን ቀን እስከ ጎረቤላ ሦስት ጊዜ ቆመን አረፍን። ሁለቱ ለእኔ ተብሎ ነው።